የቅቤው ሽታ

ሀጀራ ፌስቡክ ላይ መጻፍ ስትጀምር ማንም አያነባትም ነበር። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ የሚነበብ ነገርም አልነበራትም። ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ የጽሕፈት ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስትተይብ ትውላለች፤ ጣቷ ማመልከቻ ለምዶ የራሷንም ነገር «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» በሚል ቋንቋ ነበር የምትጽፈው። ስለ ፍቅር ስትጽፍ እንኳ ቀበሌ ሄዳ አቤት የምትል ትመስል ነበር። ላይክ የሚያደርጓት ጓደኛዋ ሃኒ፣ የአክስቷ ልጆችና ዱባይ ያለ ስሙን የማታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን ከጽሑፏ ሥር ኮሜንት መጣ። «እህቴ፣ ይሄን የጻፍሽው ለሰው ነው ወይስ ለመዝገብ ቤት?» ይላል።

ንዴቷ ለጉድ ነበር። ኢንቦክስ ገብታ ልክ ልኩን ነገረችው። ስድቧን ግን እንደ ማመልከቻ አላሳመረችውም፤ ከወንድሞቿ ጋር ስትጣላ እንደምታደርገው ትንፋሽ ሳትወስድ ለቀቀችበት። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ የራሱን ሳቅ ቀድቶ ላከላት። ከሳቁ በኋላም «በቃ፣ እንዲህ አድርገሽ ጻፊ። ሰው የሚያነበው ይሄን ነው» አላት።

ዑመይር ይባላል፣ የቡታጅራ ልጅ። አባቱ ሐጂ ሸረፋ ከመስቃን ገበሬ በርበሬ እየሰበሰቡ አዲስ አበባ የሚያስጭኑ፣ በመጋዘናቸው ደጃፍ ያለፈ ሰው ሁሉ ሳያስነጥስ የማያልፍ፣ ስማቸው የተጠራ ነጋዴ ናቸው። ዑመይር ቀኑን ሙሉ እጁ በርበሬ ስለሆነ መጻፍ አይወድም፤ ድምፁን ቀድቶ ነው የሚልከው። ሀጀራ ደግሞ ማመልከቻዋን እየተየበች በአንድ ጆሮዋ እሱን ታዳምጣለች። ስለ ገበያው፣ ስለ ሾፌሮቹ፣ ስለ እናቱ ያወራላታል። እሷም በሱ ወሬ አፏ ተፈታ። መናኸሪያው ውስጥ ያየችውን ልክ ለሱ እንደምታወራው አድርጋ ስትጽፍ ሰው መጉረፍ ጀመረ። የማታውቃቸው ሴቶች «ጎረቤቴ የሆንሽ ይመስለኛል» ብለው ይጽፉላታል። ጓደኛ ሁኚኝ የሚላት በዛ። ያን ሁሉ ሰው ያመጣላት ዑመይር እንደሆነ ታውቃለች፤ ለሱም ነግራዋለች።

ከጓደኝነቱ መቼ እንዳለፉ ሁለቱም አያውቁትም። በርበሬ ጭኖ ወልቂጤ ሲመጣ ጁስ ቤት ተገናኙ፤ ሃኒ ለወጉ መሃላቸው ተቀምጣ የማንጎ ጁሷን በዝግታ ትጠጣ ነበር። ዑመይር በስልክ ያን ያህል የሚያወራው ልጅ በአካል ሲያገኛት አፉ ተሳሰረ። ሀጀራም ብርጭቆዋን እያዞረች ቀና ስትል እሱ ሲያያት፣ እሱ ቀና ሲል እሷ ስታየው፣ ሃኒ ምስኪን አንገቷ እስኪዞር ድረስ አንዴ ወደዚያ አንዴ ወደዚህ ታይ ነበር። ሲለያዩ ከአረፋ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ አላት። ሐጂ ሸረፋ የነጋዴ ልጅ እንጂ እንደ ሀጀራ ያለች የልብስ ሰፊ ልጅ ለልጃቸው አላሰቡም። ለሷ የቆሙት እናቱ እትዬ ሰፍያ ብቻ ነበሩ፤ «ልጅቷን አምጣና አሳየኝ፣ የቀረውን ለኔ ተወው» ብለውታል።

እና እንግዲህ ሀጀራ ያሳፈረችው እኚህን ሴት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አረፋ ሲቃረብ ዑመይር ሆዱ ባባና የልጅነቱን አረፋ ነገራት። ያኔ አባቱ ሐጂ አልነበሩም፤ አዲስ አበባ ሄደው ገና ምንም አልያዘላቸውም። ቤታቸው አንድ ላም ነበረች። ስትሄድ ሌሎቹን ከኋላ አስከትላ፣ ሣሩን ሳይቀር እየመረጠች የምትበላ ኩሩ ስለነበረች መንደሩ «ሚኒስትሯ» ብሎ ስም አውጥቶላት ነበር። ሚኒስትሯ ሞተች። የመንደሩ ሴቶች እርስ በርስ ቅቤ ያዋጣሉ፣ ተራ የደረሳት ለበዓል ትወስዳለች፤ ላም የሌላት ግን ከማኅበሩ ትወጣለች። እትዬ ሰፍያም ወጡ። አረፋ ደረሰና የሁሉም ቤት በቅቤ ሲሸት የሳቸው ቤት ዝም አለ።

ታዲያ እሳቸው ከማሰሮ ጥግ የተረፈች ትንሽ ቅቤ ነበረቻቸው። ገል፣ የሸክላ ስባሪ፣ እሳት ላይ ያግሉና እሷን ጠብ ያደርጉበታል። ሽታው ወጥቶ ጀፎረው ላይ፣ ቤቱ ሁሉ ፊቱን ባዞረበት በዚያ ሰፊ የመንደር መንገድ ላይ ይናኛል። ልጆቹ በር ተዘግቶ ደረቅ ቆጮ በጎመን ይበላሉ። ወደ ውጪ ሲወጡም እናታቸው ከንፈራቸውን በዚያችው ቅቤ አበስ አድርገው ይለቋቸዋል። ዑመይር ይህን ሲነግራት ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም አላት።

ለማንም አትንገሪ ግን አላላትም። ሀጀራ በኋላ ራሷን ያሞኘችው በዚህ ነው።

ያን ሰሞን የምትጽፈው ጠፍቷት ነበር። «ሀጁ ምነው ጠፋሽ» የሚሏት አንባቢዎቿ ብዙ ነበሩ፤ የሚጠብቅ ሰው ያለው ሰው ደግሞ ባዶ እጁን መውጣት ያፍራል። እናትን የሚያከብር ጽሑፍ ምን ክፋት አለው አለች። የዑመይርን ስም ለወጠች፣ የእናቱን ለወጠች፣ ቡታጅራንም አነሳችና «አንድ ገጠር» አደረገችው። በድምፅ እንደነገራት፣ በሱው ቃል፣ በሱው ለዛ ጻፈችው። ሰው ዓይኑ እንባ እንዲያቀርር መጨረሻው ላይ ከራሷ አንድ ነገር ጨመረች፦ እናትየው ከገሉ አጠገብ ተቀምጣ ስታለቅስ እንባዋ ጠብ እያለ ከቅቤው ጋር ይንጫጫ ነበር አለች። ከሁሉም በላይ የተወደደላት እሱ ነው። ሰው ሁሉ «እንባዋ ከቅቤው ጋር» እያለ ኮሜንት ሥር ሲያለቅስ ዋለ። ሀጀራም የሰው ማመልከቻ ጠረጴዛዋ ላይ ተከምሮ ስልኳን እየከፈተች ስንት ሰው ሼር እንዳደረገው ስታይ ዋለች።

የሰዎቹን ስም ሁሉ ለውጣ የላሚቱን ረስታው ነበር።

የከተማ ልጅ ናትና ምን ታውቃለች። መስቃን ውስጥ ሰፍያ የሚባል ሴት ስንት አለ፤ ሚኒስትሯ የምትባል ላም ግን አንድ ብቻ ነበረች፣ የማን እንደነበረች ደግሞ የማያውቅ የለም። ጽሑፉ ዞሮ ዞሮ የመንደሩ ልጆች ቴሌግራም ላይ ደረሰ። የጎረቤታቸው የዘይነባ ልጅ ውጪ ተቀምጣ ለሴቶቹ ጮክ ብላ ስታነብ፣ ላሚቱ ጋ ስትደርስ ሁሉም አንገታቸውን ወደ እትዬ ሰፍያ ቤት አዞሩ። ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ሰፍያ ገበያ አልወጡም።

ዑመይር አልሰደባትም፤ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። «የእናቴን ጓዳ ለገበያ አወጣሽው» የሚል አንድ መልእክት ላከና በፌስቡክም በቴሌግራምም ብሎክ አደረጋት። ጽሑፉን አጠፋችው፤ ግን የተገለበጠው ተገልብጦ በየሰዉ ገጽ ላይ ይዞር ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፣ ሀጀራ ያን ተረት ስታስታውስ ቅቤ የሚለውን ቃል ራሱን መስማት አስጠላት። አባቷ ምን ሆንሽ ሲሏት ራሴን አሞኛል ትላለች። ሃኒ የሷን ነገር ስለምታውቅ ጊዜ ይፍታው፣ ዝም በይ ብትላትም ሀጀራ ዝም ማለት አልቻለችም። ብታጣው ታጣዋለች፤ ግን እኚያ ለሷ የቆሙላት ሴት ቤታቸውን ዘግተው ተቀምጠው እሷ ወልቂጤ ላይ እንዴት ሰው ፊት ትቀመጣለች?

ከበዓሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሴቶች የሚያከብሩት የሴቶች አረፋ ዋዜማ ላይ፣ በማለዳ ለአባቷ እውነቱን ነገረቻቸው። አባቷ «በአፍሽ ያበላሸሽውን በእግርሽ ሂጂበት» አሏትና ፈቀዱ። ለአረፋ ባዶ እጅ አይኬድም። ገበያ ገብታ እጇ ወደ ቅቤው ሊሄድ ሲል ደነገጠችና ስኳርና ሻሽ ገዝታ በጉብሬ በኩል ተራራውን በሚያቋርጠው ሚኒባስ ተሳፈረች። ሚኒባሱ ለበዓል በሚገባ ሰው ታጭቆ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ስለ ገዛ እናቷ እያነሳች ስትጨዋወታት ሀጀራ መስኮቱን ብቻ ታይ ነበር። ቡታጅራ ላይ ባጃጅ ይዛ ወደ መንደሩ ወጣች። የሐጂ ሸረፋ ቤት የትኛው ነው ብላ ስትጠይቅ ባለባጃጁ «የሚኒስትሯ ቤት ነዋ» ብሎ ሳቀ። ሀጀራ ሻሿን እስከ ግንባሯ ሳበች።

እትዬ ሰፍያ ቀጭን፣ ፊታቸው የጸዳ ሴት ናቸው። «አሰላሙ ዓለይኩም» ስትላቸው ሰላምታዋን መለሱና ማን እንደሆነች ሳይጠይቁ ግቢ አሏት። ውሃ ሰጧት፣ መቀመጫ ሰጧት፣ መንገዱ እንዴት ነበር አሏት። ሀጀራ ውሃውን አልጠጣችም።

«እትዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የመጣሁት። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

እትዬ ሰፍያ አልተነሡም፣ አልጮኹም። ሻሻቸውን አስተካከሉና ስልክሽ ላይ አለ ወይ አሏት። አጥፍቼዋለሁ አለች። ሰው ስልክ ላይ ካለ አንቺም ጋ ይኖራል፣ ፈልጊው አሏት። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ የዘይነባ ልጅ ስታነብም ከአጥር ወዲህ ሆነው በቁርጥራጩ ነው የሰሙት። «አንብቢልኝ፣ ከአፍሽ ልስማው» አሏት።

ሀጀራ ከሰው ገጽ ላይ ፈልጋ አገኘችውና ማንበብ ጀመረች፤ ያን ያህል ከባድ ነገር በሕይወቷ አንስታ አታውቅም። ያ በስልክ ላይ ሲፈስ የነበረ ጽሑፍ፣ ያ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው እንደዚህ የምትጽፊው» ያለላት ጽሑፍ፣ ባለቤቲቱ ፊት ሲነበብ በየቃሉ ይቆማል። ለለዛ ብላ ያስገባቻት ቀልድ ጋ ስትደርስ አቆመች። እትዬ ሰፍያ «ቀጥዪ» አሏት። ቀጠለች። ላሚቱ ጋ ስትደርስ ሴትዮዋ ፈገግ ያሉ መሰላት፤ ደፍራ አላየችም። እያነበበች ሳለ ዑመይር ጆንያ ተሸክሞ በሩ ላይ መድረሱን በጥላው አወቀችው። ጆንያውን አላወረደም። መጨረሻው ላይ ደረሰች። እናትየዋ ታለቅሳለች፤ እንባዋ ጠብ እያለ ከቅቤው ጋር ይንጫጫል።

«አላለቀስኩም» አሉ እትዬ ሰፍያ።

ሀጀራ ቀና አለች።

«ዑመይር ነው አለቀሰች ያለሽ?»

እሱ ነው ብትል ያልፍላት ነበር፣ ቢያንስ ለዚያች ደቂቃ። በሩ ላይ ያለው ጥላ አልተነቃነቀም።

«አይደለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሰው እንዲያዝንልኝ... ሰው እንዲወደው ብዬ» አለች።

«ስቀን ነበር እኮ» አሉ እትዬ ሰፍያ፣ ከንዴት ይልቅ ግርምት ባለው ድምፅ። «ልጆቹን ከንፈራቸውን ስቀባቸው እየተያዩ ይስቁ ነበር። እኔም እስቃለሁ። ዘይነባ በአጥር ላይ ብቅ ብላ ‹ሰፍያ፣ ምን እየሠራሽ ነው፣ በመዓዛ ገደልሽን እኮ› ትለኛለች። ልጄ፣ ጎረቤቶቼ አፍንጫ የላቸውም መሰለሽ? የአንድ ጠብታና የአንድ ማሰሮ ቅቤ ሽታ አንድ ነው? ያውቁ ነበር። እንደሚያውቁ እኔም አውቃለሁ። ዘይነባ ‹ወተቱ በዛብኝ፣ ሊበላሽ ነው› ብላ ትልክልኛለች፤ እኔም እንዳዘንኩላት ሆኜ እቀበላታለሁ። ክብሬን እንዲህ ነው የያዙልኝ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው አፉን አልከፈተም። አንቺ መጥተሽ ከፈትሽው።»

ደግሞ ቀጠሉ። «ዘይነባ ቅቤ ይዛልኝ መጣች። አሁን፣ በስተርጅና። አቅፋኝ አለቀሰች። ያኔ ያላለቀስኩትን አሁን አስለቀሰችኝ።»

ሀጀራ እግራቸው ሥር ወድቃ ይቅር ይበሉኝ ማለት ፈልጋ ነበር። ግን ስልኳን እንደያዘች ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ያመናትን ሰው ገመና በመዘርዘሯ ነበር እስከዚያች ሰዓት ያፈረችው፤ አሁን ግን የሰው ሳቅ ወስዳ እንባ አድርጋ መሸጧ ገባት፣ ይኼኛው የባሰ ነበር።

«ነገ የሴቶች አረፋ ነው» አሉ እትዬ ሰፍያ። «ታድሪያለሽ። ሴቶቹ ሲመጡ እዚሁ ከኔ ጋር ትቀመጫለሽ።» ይቅር ማለታቸው ይሁን ለፍርድ ማቅረባቸው ከፊታቸው አይነበብም ነበር።

ውጪ ዑመይር ጆንያውን አውርዶ አጥሩ ጥግ ቆሞ ነበር። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አገኘችው። ከብሎኩ በኋላ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ ፊቱ ከስቷል። ይቅርታ ለማለት አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«አትንገሪ አላልኩሽም» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ስንት ቀን ሳስበው ነበር። አትንገሪ ብላት ኖሮ አልኩ። ግን ሀጀራ፣ ላንቺም አትንገሪ ማለት ነበረብኝ?»

 መልሷን ሳይጠብቅ ጄሪካኑን ከእጇ ወስዶ ቀዳላትና ሄደ። ሀጀራ ከሞላው ጄሪካን አጠገብ ቆማ ቀረች፣ ቢሰድባት ምን ነበረበት እያለች።

በማግሥቱ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ሞላ። ሴቶቹ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሻቸውን አሳምረው ይገባሉ፤ ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ይቀርባል፣ በየሰሃኑ ላይ ቅቤ ይፈስሳል። ሀጀራ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትጎነጉን ያደረችውን ዓረፍተ ነገር በሆዷ ትደግማለች፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ። የዘይነባ ልጅ ገና ስትገባ አየቻት። የሀጀራ ፎቶ ፌስቡክ ገጿ ላይ ስለነበር ልጅቷ ለመለየት ጊዜ አልፈጀባትም። ለእናቷ ጆሮ አንሾካሾከች፤ ዘይነባ ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ለሌላይቱ። ወሬው ከአፍ ወደ ጆሮ እያለ ቤቱን ሲዞር ሀጀራ በዓይኗ ተከተለችው። ዞሮ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ጥጉ አዩ።

«ሰፍያ፣ ይቺ ልጅ ማን ናት?» አለች ዘይነባ።

ሀጀራ ልትነሣ ስትል እትዬ ሰፍያ ትከሻዋን ያዝ አደረጓት።

«እንግዳዬ ናት» አሉ። «ከወልቂጤ ነው የመጣችው። ዑመይር ልቡ ያረፈባት ልጅ ናት።»

ዘይነባ ሀጀራን አየቻት፣ አየቻት፤ ከዚያ ሰፍያን አየች። ሁለቱ ሴቶች በዓይናቸው ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።

«መንገዱ እንዴት ነበር ልጄ? ተራራው ላይ ጭጋግ አለ ይላሉ» አለች ዘይነባ።

ሀጀራ ጭጋግ ነበር አለች። ሌላይቱ ወልቂጤ ዘነበ ወይ ብላ ጠየቀቻት። አንዷ የአባቷን ጤና፣ አንዷ የእናቷን። የዘይነባ ልጅ ስልኳን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችና ትራስ አቀበለቻት። በዚያ ሁሉ ሴት መሃል ስለ ጽሑፍ፣ ስለ ፌስቡክ፣ ስለ ላም ያነሣ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያውቃሉ። እሷም እንደሚያውቁ እንደገባት ያውቃሉ። ሀጀራ ሲነግሯት ያልገባትን አሁን በራሷ ላይ ሲደረግ አየችው፤ ሸፍነዋታል። ዘይነባ ሰሃኗን ጎትታ ቅቤ ጨመረችላትና «ብዪ እንጂ፣ ምነው እንግዳ ሆንሽ» አለቻት።

በላች። እንባዋ ሰሃኑ ላይ ሲወርድ ሁሉም አዩት፣ አንዳቸውም እንዳየ ሰው አልሆኑም። ይኸኔ ቢሰድቧት፣ ቢያስወጧት ትችለው ነበር። ይህን ደግነት ግን የት ታድርገው? እንዲህ አፍራ አታውቅም፣ ከዚህ ቤትም መውጣት አልፈለገችም።

«ሀጀራ» አለ አንድ ድምፅ።

ዑመይር በሩ ላይ ቆሟል። ሐጂ ሸረፋ ከአዲስ አበባ ገብተው ከወንዶቹ ጋር ውጪ ተቀምጠዋል፤ የሳቸውን ሰሃን አቀብዪኝ አላት። እናቱ አጠገቡ ነበሩ፣ እህቶቹም ነበሩ፤ እሱ ግን ሀጀራን መርጦ ጠራ። ሀጀራ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ተነሣች። ሰሃኑን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም፤ እሱም ሰሃኑን ለመቀበል አልቸኮለም።